ያልበረደው መዳፍ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ቀራጺዋ ታናሽ እህቴ፣ ሟች ባሏ በነደፈው ሕንፃ ግድግዳ ላይ የእሱን የተዘረጋ እጅ ለማኖር ጓጓች። በሕይወት ሳለ ከእጁ ላይ ያነሳችው ቅርጽ ማውጫ አንድ ብቻ ነበር። ሲሚንቶ ብታፈስበት ተሰነጠቀ፣ ሰም ብታፈስበት ጎበጠ፤ ማውጫውም እየተፈረካከሰ ስለሄደ ጄሶ የመጨረሻ ዕድሏ ሆነና አፈሰሰችበት።

ጄሶ ሲጠነክር ይሞቃል፣ ቆይቶ ይበርዳል። ይሄኛው ግን በማግስቱም እንደሞቀ ነው።

«ባልሽ ድሮም ብርድ አይችልም ነበር» ብዬ ቀለድኩባት።

እየሳቀች መዳፉ ላይ የቀረውን ዱቄት በጣቶቿ ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ሳቋ ቆመ።

«እትዬ፣ ጣቴን እንዲለቅልኝ ንገሪው እስቲ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺን ይሰማሻል።»

ብለምነውም አልለቀቃትም። አደራ ልጆቼ፣ እህቴን አትርሱብኝ።