የጫጩቶቹ ከሰል

"እግራቸው መቆረጥ አለበት..." አለ ሐኪሙ።

ባልየው ግን ዝም የሚል አፍ አልፈጠረበትም።

"መድኃኒት ቀይሩላት እንጂ! እኔ ለዶሮዎቼ እንኳ እቀይራለሁ..."

"ቀያየርንላቸው፣ አባት። ጀርሙ ሁሉንም ለምዷል። የሆነ ቦታ ትንሽ ትንሽ ሲቀምሰው የኖረ ነው የሚመስለው። ምን ውሃ ነው የሚነካቸው?"

ይሄን ስትሰማ ልጃቸው ከወንበሯ ተነሳች።

ቆይ ላስተዋውቃችሁ...

ሰውዬው ዶሮ አርቢ ነው። ሰፈሩ "አባ ኩኩሉ" ይለዋል። እሱ ባለበት ማንም ወሬውን አይጨርስም።

ዶሮ ታመመም አልታመመም፣ መጠጫው ውስጥ መድኃኒት ይበጠብጣል።

የተረፈው ከነእጣቢው በቦይ ይወርድና ሚስቱ አትክልት የምታጠጣበት ኩሬ ውስጥ ይገባል።

ልጅቷ የውሃ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ይሄን ስታይ ራሷን ያዘች... ከዛ ከሰል የሞላ በርሜል አምጥታ ቦዩ ላይ ተከለች።

የገበያ ከሰል እንዳይመስላችሁ። ገለባ አየር በማይገባበት ቦታ አክስላ፣ የብረት ጨው የሚባል ኬሚካል ውስጥ ዘፍዝፋ፣ እንደገና እሳት ያስገባችው ነው። መልኩ ራሱ ወደ ዝገት ይሄዳል።

እጣቢው በሱ ሲያልፍ መድኃኒቱ ከሰሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

አባ ኩኩሉ "አስተምሬ አስተምሬ ከሰል ሻጭ ወጣልኝ" እያለ ሰፈሩን አሳቀ።

ውሃውን ለክታ "መድኃኒቱ ጠፍቷል አባዬ" ስትለው ደግሞ... ለዛው ሰፈር ደረቱን ነፋ። አባት አይደል።

እናት ግን ጠንቃቃ ናት። ያለ ቦት ጫማ ጭቃው ውስጥ አትገባም።

አንድ ቀን ታዲያ አባ ኩኩሉ ጎረቤት ፊት በቀልድ ያዛት። የገዛ ልጇን ሙያ እንደማታምን፣ ኩሬው ውስጥ አዞ ያለ እንደሚመስላት... ምኑ ቅጡ። ሰው ሳቀ።

አፈረችና ቦት ጫማዋን አወለቀች።

መኮትኮቻው እግሯን የጫራት በዛው ሰሞን ነው። ትንሽዬ ጭረት... ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

እና ልጅቷ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤት በረረች። የኛ ውሃ እንዳልሆነ ላረጋግጥ ብላ። አባት ተከትሏት "ተመለሽ፣ ምን ያደርግልሻል" ይላል።

የበርሜሉን ክዳን አንስታ እፍኝ ዘገነች።

ጥቁር... የሚያብለጨልጭ ጥቁር።

"አባዬ... ይሄ የገበያ ነው። የኔ የታለ?"

አባ ኩኩሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"መብራት ጠፍቶ... ጫጩቶቹ በብርድ ተደራርበው ሊያልቁብኝ ሆነ። አነደድኩት። በኋላ ገዝቼ ተካሁልሽ እኮ... ከሰል ከሰል ነው ብዬ።"

"እማዬን ጫማ ከማስወለቅህ በፊት ነው፣ በኋላ?"

መሬት መሬቱን አየ።

"በፊት።"

ከጫጩቶቹ አንድም አልሞተም። አድገው ተሸጠዋል።

በሩ ሥር የእናት ቦት ጫማ ጎን ለጎን ቆሟል...

ከሁለቱ አንዱ ከእንግዲህ ሥራ የለውም።

ወገን... ያልገባህን ነገር ብትነካ፣ ነካሁ በል። ትንሽ ታፍራለህ፣ ይቀለድብሃል፣ ያልፋል። እሱ ግን አንዲት ቃል ውጦ፣ በላዩ ላይ ቀለደ። እኔም ቀልድ እወዳለሁ... እንዲህ ያለውን ግን አይደለም።

እናት ነገ ከሰመመን ስትነቃ "ከየት መጣብኝ?" ማለቷ አይቀርም።

እናንተ ልጅቷን ብትሆኑ... ምን ትሏታላችሁ?