ገጹ እስኪሞላ

ጭሱ ዞሮ ዓይኗ ውስጥ ሲገባባት ሽታዬ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እርሳሷን እንደያዘች ተንፏቃ ወደ ጉቶው ተጠጋች፤ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስተካከለችና ቀጠለች።

ገጽ ሳይሞላ መነሳት የለም። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። አምና እንጅባራ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ስልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሰልጣኙ፣ «ህልም ቀን ካልተቆረጠለት እንቅልፍ ነው፤ ትንሽ፣ የምትችሉትን፣ በዓይን የሚታይ ግብ አውጡ» አለ። ሌሎቹ ምሳቸውን በልተው ነገሩን እዚያው ጥለውት ሄዱ። ሽታዬ ግን የተነገራትን አጥብቃ የምትይዝ ሰው ናትና ያዘችው። አዲስ ቅዳም ከተማ ዳር ከአባቷ ጋር ከሰል የምታከስል ሴት ፋታ የምታገኘው ክምር ስትጠብቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በጥበቃ ተራዋ አንድ ገጽ፤ ገጹ እስኪሞላ አለመነሳት፤ ሲሞላ ደግሞ እንደ አስተማሪ ኅዳጉ ላይ ራይት ማድረግ። መጽሐፏ ከግማሽ ያለፈው በዚህ ሕግ ነው።

የጠባቂ ሥራ ደግሞ ማየት ነው። ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ እንጨቱ ተቆልሎ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ውስጥ ውስጡን ይበስላል። አፈሩ አንድ ቦታ ከሰመጠ አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ክምር ነድዶ አመድ ይሆናል። ነፋስ ሳይኖር ጭሱ መንገድ ከቀየረ ጠባቂው አካፋውን ይዞ ይነሳል። ይህን ሽታዬ ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው።

ይህኛው የመጨረሻው ክምር ነበር። በሽታ ገብቶ ዲከረንሱን ከነቅጠሉ ካደረቀው ወዲህ የአባቷ የወገኔ ማሳ ጉቶ በጉቶ ሆኗል። የተረፈችውን ቆርጠው ሲከምሩ አባቷ፣ «ይኼ በደህና ከወጣ ያንች ነው። እንጅባራ ቤት ትከራይና መጽሐፍሽን ትጨርሻለሽ» አሏት። ካልወጣስ? ካልወጣማ የታወቀ ነው። እህቷ ፋና መተማ ወርዳ ለሰሊጥ ሠራተኞች ወጥ ትሠራለች፤ ሰው ጨምሩልኝ እያለች መላክ ከጀመረች ሰነበተች። ከዚያ ሥራ ተመልሳ መጽሐፍ የጻፈች ሴት ሽታዬ ሰምታ አታውቅም።

ዛሬ የምትጽፈው እናቷ የሞተችበትን ቀን ነበር። ስትፈራው የከረመችው ነገር ነው፤ ሌላ ሌላውን እየጻፈች ስታልፈው ኖራለች። ዛሬ ግን ሳትጠራው መጣላት። እናቷን በቃሬዛ ይዘው ሲሮጡ፣ መንገዱ ተዘግቷል ተብለው ከመሀል ሲመለሱ፣ እናቷ ተሸካሚዎቹን ቀና ብላ እያየች፣ «ላሟ ታለበች?» ስትል። ሽታዬ ዓይኗ ሲያነባ ከጭሱ ይሁን ከነገሩ አላጣራችም። እንዲህ ደስ ብሏትና እንዲህ ከፍቷት ጽፋ አታውቅም።

ከክምሩ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ሰማችው። የቀራት ግን አንድ መስመር ነበር።

መስመሯን ጨርሳ ቀና ስትል ጭስ የለም። ክምሩ ከኋላ ጎኑ ሰምጦ፣ በቀዳዳው ወላፈን ይተፋል። እርሳሷን ወርውራ አካፋ አነሳች። አፈር ስትጨምር አፈሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ የጀሪካኑን ውኃ ስትደፋበት ፉት ብሎ ጠጣውና በሌላ በኩል ተሸነቆረ። እየጮኸች እንደሆነ ያወቀችው አባቷ ከላይ ማሳ ሲሮጡ ስታይ ነው።

አካፋውን ከእጇ ወሰዱና ጥቂት አፈር ወረወሩ። ከዚያ አቆሙ። ወገኔ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያዝኑ በአገውኛ ነው የሚናገሩት፤ አሁን በአገውኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ተይው፣ ትወድቂበታለሽ» አሏት።

«አይቼው ነበር አባባ» አለች። «ጭሱ ሲዞር አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልተነሳሽ?»

«ገጹ አልሞላም ነበር።»

የተናገረችው ከራሷ ጆሮ ሲደርስ አፈረች። ቢመቷት በወደደች። እሳቸው ግን ከሙቀቱ ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች። እንጅባራ ልትከራየው የነበረው ቤት ፊት ለፊታቸው ነደደ።

«ኔትወርክ ሲመጣ ለፋና ደውይላት» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ አባባ።»

ወረቀቱን አሁንም ጨብጣዋለች። አባቷ አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ተማሪ ሳለች ግን ደብተሯን እያገላበጡ ራይቱን ከኤክሱ ይለዩ ነበር፤ ራይት ሲበዛ ለጎረቤት ሁሉ ይነግሩላት ነበር።

«የዛሬው ነው?»

«አዎ።»

«ሞላ?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ራይት የለበትም።»

«ተዉኝ አባባ።»

«አድርጊበት እንጂ። ለዚህ አይደል እንዴ የነደደው?»

ንዴት ይሁን ማጽናናት ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም። እርሳሷን ፈለገች፤ የወረወረችበት ቦታ እሳት ሆኗል። አባቷ ተነስተው ወደ ክምሩ ዳር ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው አንዲት የከሰል ስባሪ በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉ፤ እስክትቀዘቅዝ ጠብቀው አምጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ሽታዬ ኅዳጉ ላይ ራይቷን አደረገች። ከሰሉ በደንብ የበሰለ ነበር፤ ስትጫነው አልተሰበረም።