የዴስክ ጓደኛ

ሐይቅ ከተማ ካለው አሮጌ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የወጡት ተማሪዎች፣ ከጦርነቱ በኋላ በዱሮ ክፍላቸው ውስጥ፣ እዚያው በዱሮ ቦታቸው ላይ ተሰብስበው ተቀመጡ። ዓይናቸው የጠፋው ቲቸር ባዬ እንደ ልማዳቸው ስም በቃላቸው ይጠራሉ፤ የተጠራው አቤት ብሎ ሥራውን ይናገራል። ለቀረ ሰው የሚመልስለት የዴስክ ጓደኛው ነው፤ ደንቡ ያው የልጅነታቸው ነው።

«ተሻለች!»

«አቤት፤ ዳኛ ሆኛለሁ።»

«ሐቢብ!»

«አቤት፤ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። እንግሊዝኛዬን የሚሰሙኝ ዓሦቹ ናቸው።»

ሁሉም ሳቁ።

«ሙዓዝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ኑርሀያት አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ አየችው። ልጅ ሳሉ ከአርዲቦ በእግሯ ስትመጣ ሁልጊዜ ትዘገያለች፤ «እየመጣች ነው፣ ቲቸር!» እያለ ከዱላ የሚያተርፋት ሙዓዝ ነበር። እሷ ግን ነርስ ሆና፣ ቆስሎ ከግንባር ሲያመጡላት ልታተርፈው አልቻለችም።

«አኼራ ሄዷል፣ ቲቸር» አለች።

ቲቸር ባዬ አንገታቸውን ደፉ።

«አላህ ይዘንለት፣ ልጄን» አሉና ቀጠሉ፤ «ኑርሀያት!»

አቤት ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከባዶው ቦታ የልጅ ድምፅ ቀደማት። ሰው ሁሉ ወደዚያው ዞረ።

«እየመጣች ነው፣ ቲቸር።»