ናፍጣ የማይጠጣው ወፍጮ

አርባ ምንጭ አቅራቢያ ባለችው ላንቴ ናፍጣ የማይጠጣ፣ በፀሐይ የሚሠራ ወፍጮ የተከለው ኦሊያድ ሥራው በሰመረለት ቁጥር እንቅልፍ እያጣ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ የምታበራው ቀን ነው፤ ገበሬው ግን እህሉን የሚያስፈጨው ከሙዝ ማሳው ሲመለስ፣ ወደ ማታ ነው። ስለዚህ የቀኑን ኃይል የሚያቆይ ባትሪ ያስፈልጋል። የተለመደው ባትሪ ውድ ነው። አዲሱ ግን ዋና ነገሩ ከጨው ይወጣል፤ ጨው ደግሞ የት ይጠፋል? ብቻ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ገና አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። ኦሊያድ ይህን ሁሉ ከስልኩ ነው የተማረው፤ ከተማረ በኋላ ደግሞ ያላስረዳው ሰው የለም። ባጃጅ ከተሳፈረ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር እስኪደርስ ሾፌሩን ያስተምራል።

«ታዲያ ወጥ ውስጥ ስንጨምረው ለምን አይነዝረንም?» ይሉት ነበር የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ በርናባስ።

ቢሳቅበትም አክሲዮን የገዙ አልጠፉም። ትልቁን ድርሻ ያመጣለት ሲቀላ የሚኖረው ጡረተኛው ተክለወልድ ነው። «የላኩኝ ሰው ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አለው። ኦሊያድ አንድ የአዲስ አበባ ባለሀብት ይሆናሉ ብሎ ተወው።

የድሮው የናፍጣ ወፍጮ የእትዬ ፀዳለ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በእሱ ነው። የኦሊያድ እናት ታማ በተኛች ጊዜ በቆሏቸውን በነፃ ስትፈጭላቸው የከረመችውም እሷ ናት። ታዲያ የአዲሱ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ገና ሳይመታ ሞተሯን ለአንድ የዶርዜ ሰው ሸጠች። ተስፋ ብትቆርጥ ነው ተባለ። ወሬው ኦሊያድን እንቅልፍ ነሳው።

ወፍጮው ሥራ ሲጀምር ደግሞ ባሰ። ወረፋው መንገድ ይዘጋል። እትዬ ፀዳለ ከመንገዱ ማዶ፣ ማንጎው ሥር ቆማ ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«እየረገመችኝ ነው» አለ ለሚስቱ ለሔርሜላ።

«ምናልባት እየጸለየች ይሆናል።»

«ዓይኑን አፍጥጦ የሚጸልይ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አስፈጭተው የሚወጡትን ሴቶች ታስቆምና ዱቄቱን በጣቶቿ ታሻለች። «በደንብ ደቀቀላችሁ? ብዙ አስቆሟችሁ?» ትላለች። እንከን ፍለጋ መሆኑ ነው። ኦሊያድ አልተቀየማትም፤ እንዲያውም እውነቷን ነው አለ በልቡ። ቸርች ውስጥ ከኋላው መቀመጧን ካወቀ መዝሙሩ አፉ ላይ ይቀራል። ማስረዳቱንም ተወ። ተማሪዎች ከአርባ ምንጭ ድረስ ባትሪውን ሊያዩ ቢመጡ፣ «ይሠራል» ብቻ ብሏቸው ወጣ።

በመጨረሻ ጋሽ በርናባስ ቤት ሄደ።

«ይቅርታ ለምኑልኝ። ወፍጮውንም እዘጋለሁ።»

«ሕዝቡስ? እህሉን ተሸክሞ ሲቀላ ይውረድ?»

«የእሷን እንጀራ ነጥቄ የምፈጨው ዱቄት አይባረክልኝም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ብዙ አልተከራከሩም። በጋሞ እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩ ሽማግሌዎችን እምቢ የሚል የለም። የተበደለው «ይቅር» ይላል፤ በቃ፣ ነገር እዚያ ላይ ያልቃል።

እሁድ ከቸርች መልስ ሽማግሌዎቹ ደጇ ላይ ተንበረከኩ። ኦሊያድ ከኋላቸው አፈር ሊነካ አቀርቅሯል። እትዬ ፀዳለ ወጥታ አየቻቸው። «ይቅር» ግን አላለችም።

«ስለ ሣሩ ብለሽ፣ ፀዳለ» አሉ ጋሽ በርናባስ።

ሣሩን ወደ እሷ ከፍ አደረጉት፤ አልተቀበለቻቸውም። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር አላዩም።

«ከነገ ጀምሮ እዘጋዋለሁ፣ እትዬ» አለ ኦሊያድ ቀና ሳይል። «ቃሌ ነው።»

ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ እነሱ መጣችና ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። ጋሽ በርናባስ ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን ሣሩን ከእጃቸው ወሰደችው።

«መለመን ያለብኝስ እኔ ነኝ» አለች ሣሩን ወደ ኦሊያድ ዘርግታ። «ሞተሬን ሸጬ በተክለወልድ እጅ ግማሹን ወፍጮ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ አትዝጋብኝ፣ ልጄ።»