የአንድ ድፎ ልደት

ጥሩዬ የልጇን ልደት በአንድ ድፎ ዳቦና በስድስት ልጆች ልትገላገለው ቆርጣለች። የጎደላት መቀመጫ ብቻ ነበር። ከዕድሩ አግዳሚ ወንበር ልትዋስ ስትሄድ፣ ዕቃ ጠባቂው ጋሽ አጥናፉ «ሳትጠራኝ» ብለው እንዳይቀየሟት ስለ ልደቱ ትንፍሽ አላለችም። «ምን ገጠመሽ?» ሲሏት አንገቷን ደፍታ፣ «ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር አለብኝ» አለች። እሳቸውም ከንፈራቸውን መጠጡ።

ልጆቹን አግዳሚው ላይ ስትደረድር የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ።

«የማን ቤት ይሆን? ድፎውን ቆርሼ እደርሳለሁ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እንጀራና ወጥ ተሸክሞ፣ እያለቀሰ ገባ። ለቅሶው ፊኛዎቹ ሥር ሲደርስ ቀጥ አለ። ጋሽ አጥናፉ ሻማውን እያዩ፣ «ለመሆኑ ያረፈው ማን ነው?» አሉ።

ጥሩዬ ቢላዋውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ጋሽዬ፣ ድፎውን ይባርኩልን።»