ከአርባኛው ደቂቃ በኋላ

ቦግላርካ ሦስተኛውን ነጥብ ጽፋ ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ ታነሳለች። «ደራሲዎቹ ያዩት ነገር ሴሎቹን ለማሳየት የተጠቀሙበት ቀለም የፈጠረው ስህተት ሊሆን ይችላል።» ከዚህ በኋላ የሚቀራት «አይታተም» የሚለውን መርጣ መላክ ነው። መጽሔቱ ጽሑፉን እንድትገመግም የሰጣት ቀነ ገደብ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል።

አትልከውም። ከፊቷ ባለው የጽሑፉ ወረቀት ላይ አራተኛውን ሥዕል እንደገና ታየዋለች።

ሁለት ሴሎች ናቸው፤ አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ የታመመ። በመካከላቸው ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ተዘርግቷል። ይህን ክር ከቦግላርካ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው የለም። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ እዚሁ የሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ፣ በዚሁ ቤተ ሙከራ፣ ጎረቤቱ ሲታመም ጤነኛው ሴል ክሩን በጥሶ እንደሚለየው በፊልም ያሳየችው እሷ ናት። ስሟ የተጠራው በዚህ ነው፤ ቤተ ሙከራውም የቆመው በዚሁ ስም ነው። አሁን ስማቸውን ሰምታ የማታውቅ ሁለት ሰዎች ተነሥተው «መበጠሱንስ ይበጥሰዋል፤ ግን ተመልሶ ሌላ ይዘረጋል» ይላሉ።

መቼ? በሃምሳዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ።

የእሷ ፊልሞች አርባ አርባ ደቂቃ ናቸው። ክሩ ከተበጠሰ በኋላ ካሜራውን ታጠፋዋለች። ያለቀ ነገር ምን ተብሎ ይቀረጻል?

በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል። የገቡት ኤቴልካ ናቸው፤ ሴሎቹን የሚመግቡ፣ ቦግላርካን ከተማሪነቷ ጀምሮ የሚያውቁ፣ በመጪው ሰኔ ጡረታ የሚወጡ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን። በሶፍት የጠቀለሉት ፖጋቻ፣ ትንሽ የቺዝ ዳቦ፣ እጃቸው ላይ እንፋሎቱ ይወጣል። ቦግላርካ ወረቀቱን ገልብጣ ታስቀምጣለች፤ በግምገማ ላይ ያለ ጽሑፍ ለሌላ ዓይን አይፈቀድም።

«ደብቂው፣ ደብቂው» ይላሉ ኤቴልካ። «ፊትሽን ግን የት ልታደርሺው ነው? ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

«እትዬ ኤቴልካ፣ ካሜራውን ሳያጠፉ ሄደው የተጣላን ቀን ትዝ ይልዎታል?»

«የተጣላን? አንቺ ጮኽሽ፣ እኔ ቆሜ ሰማሁ። ይኼ መጣላት ከተባለ።»

ቦግላርካ ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች። «ጥርስ ሐኪም ጋ ነበር የቆዩት።»

«መንጋጋዬን ነቅሎ አፌን አደንዝዞት ነው እንጂ መልስሽን ታገኚ ነበር!»

«ያንን ፊልም ያጥፉት ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኛል።» ኤቴልካ ከፖጋቻው ቆርሰው ይጎርሳሉ። «አላጠፋሁትም። እኔን ያስቀየምሽኝ አንቺ፤ ሴሎቹ ምን አደረጉኝ?»

ቦግላርካ ከወንበሯ ብድግ ትላለች።

ፊልሙ ያለበት ፍላሽ ከኤቴልካ መሳቢያ፣ ከጓንትና ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ሥር ይወጣል። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ «የጥርስ ቀን» ተብሎ ተጽፎበታል። ቦግላርካ እዚያው ባለው ኮምፒውተር ላይ ትሰካዋለች፤ ፊልሙን አፍጥና ትለቀዋለች። ደቂቃዎቹ በስክሪኑ ጥግ ይሮጣሉ።

ሠላሳ አንድ ላይ ክሩ ይሳሳል፤ ይበጠሳል። ይህን ሺህ ጊዜ አይታዋለች። አርባኛው ደቂቃ ያልፋል። ከዚህ ወዲያ ያለውን አይታ አታውቅም። አርባ አምስት፤ ምንም የለም። «ምነው ባይሆን» ትላለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ «ቢሆንስ?» ብላ አንገቷን ታሰግጋለች። የትኛው ምኞት እንደሚበረታባት ራሷም አታውቅም።

አርባ ዘጠኝ ላይ የጤነኛው ሴል ጎን ሾጠጥ ይላል።

«አየሽው?»

«ዝም ይበሉ!»

«ደግሞ ልትጮኺ ነው?»

ክር ነው። ይወጣል፣ ያመነታል፣ ወደ ባዶ ቦታ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል፤ በጨለማ ቤት መብራት ማብሪያ እንደሚፈልግ እጅ ይዳስሳል። ሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ የታመመውን ሴል ይነካዋል። ይጣበቅበታልም።

ቦግላርካ ስምንት ዓመት ሙሉ በየጉባኤው ቆማ «ይተወዋል» ስትል ኖራለች። ማንም «ከዚያስ?» ብሎ አልጠየቃትም። እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

«አንድ ፊልም ማስረጃ አይሆንም» ትላለች።

«ይሆናል ያለሽ ማን ነው? ግን አይተሻል።»

ፊልሙን ወደ መደበኛ ፍጥነቱ መልሳ፣ እንደተከፈተ ለኤቴልካ ትታላቸው ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች። የጻፈቻቸውን ሦስት ነጥቦች አንድ በአንድ ትሰርዛቸዋለች። በምትካቸው ደራሲዎቹ ሙከራውን በሌላ ቀለም እንዲደግሙት ትጠይቃለች፤ ይህን ከልቧ ነው የምትጠይቀው፣ ሊጠየቅም የሚገባው ነው። ከሥሩ ትጨምራለች፦ «የእኔ ፊልሞች አርባኛው ደቂቃ ላይ ይቆማሉ። ክሩ ስለቆመ ሳይሆን እኔ ስላቆምኳቸው ነው። ከዚያ ያለፈ አንድ ፊልም አለኝ፤ ደራሲዎቹ ከፈለጉት እልካለሁ።» «ተስተካክሎ ይታተም» የሚለውን ትመርጣለች። ገምጋሚ ስሙን የመግለጽ ግዴታ የለበትም፤ ለወደደ ግን ባዶ ቦታ ተትቶለታል። እስከ ዛሬ ነክታው አታውቅም። ሙሉ ስሟን «ቦግላርካ ሴንቴሺ» ብላ ትሞላውና ትልከዋለች።

«ቦጊ! ነይ፣ ነይ ቶሎ!»

ኤቴልካ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደርሷል። ከጤነኛው ሴል አንዲት የምታበራ ነጥብ ወጥታለች። በአዲሱ ክር ላይ፣ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተንገዋለለች፣ ወደ ታመመው ሴል ትጓዛለች።

«ምንድን ናት?» ይላሉ ኤቴልካ በሹክሹክታ።

ቦግላርካ አታውቅም። ገምግማ በጨረሰችው የደራሲዎቹ ጽሑፍ ውስጥም ስለዚህች ነጥብ አንድ ቃል የለም። ወንበር ሳትስብ ትንበረከካለች። ነጥቧ ቆም ትላለች፤ ደግሞ ትነሣለች፤ የክሩ መካከል ላይ ትደርሳለች። ፊልሙም እዚያ ላይ ያበቃል።

ሁለቱ ሴቶች ከጠቆረው ስክሪን ፊት አይነሡም።