ያልተገለበጠው ፍራሽ

ዘይኑዲን በእኔ ወገን ተኝቷል። ያየሁት ዘግይቼ ነው። ልቀስቅሰው ብል እንቅልፍ ገና መውሰዱ ነው፤ ልተወው ብል ደግሞ ሕጋችን ፈረሰ።

ፍራሻችን አንድ ነው፣ ፊቱ ግን ሁለት። ሰማያዊ መስመር ያለው የእኔ ነው፣ ቀይ አበባ ያለው የእሱ። እኔ መርካቶ ውስጥ ኩሊ ነኝ፣ ሌሊት እተኛበታለሁ። እሱ ከሰባተኛ ሰፈር ወረድ ብሎ አንድ መጋዘን ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛበታል። የተነሳ ሰው ገልብጦት ይወጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ስንኖር በር ላይ «ደህና አደርክ»፣ «ደህና ዋል» ከመባባል በቀር ፊቱን በቅጡ አይቼው አላውቅም። ትራሱ ሥር ቆሎ ይተውልኛል፣ እኔም ሙዝ ሳገኝ እተውለታለሁ።

ኮሮና ገብቶ ገበያው ጭር ሲል የምሸከመው ጠፋ። ቤታችሁ ዋሉ ተባልን። የእኔ ቤት ደግሞ ይቺው ክፍል ናት፤ ቀን ቀን የዘይኑዲን ናት። ዛሬ ጠዋት የምሄድበት ስላጣሁ ከፍራሹ ተነስቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ፣ መገልበጡንም ረሳሁት። እሱ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ፣ ጾሙን እንደያዘ ገባና ሳያይ ወደቀበት።

አከራያችን እትዬ ለተብርሃን ትናንት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው በመስኮት አነጋገሩን። አስም አለባቸው። ከነገ ወዲያ ጀምሮ በዚህች ክፍል ሁለት ሰው አይውልም፣ ማን እንደሚለቅ ተነጋግራችሁ እስከ ነገ ማታ ንገሩኝ አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ግን እስካሁን አልተነጋገርንም። እኔ ቃሌን አሰናድቼ መንቂያውን እየጠበቅኩ ነው። መጀመሪያ የተከራየሁት እኔ ነኝ፣ እለዋለሁ። አገሬ መርሐቤቴ ልሄድ አልችልም፤ ከዚህ ገበያ በሽታ ይዤ እናቴ ላይ መግባት ነው የሚሆነው። እሷ አርጅታለች። በዚህ ዓለም ከዚያ በላይ የምፈራው ነገር የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ መርካቶ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ጋሪ የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ ዞር በል የሚል የለም። ከራጉኤል በኩል ርግቦች ይሰሙኛል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባች ብርሃን ግድግዳው ላይ ከለጠፍነው ጋዜጣ ወርዳ፣ ቀስ እያለች ወደ ዘይኑዲን ጉንጭ ትሄዳለች። ክፍሌ ቀን ቀን እንዲህ ሆና እንደምትውል አላውቅም ነበር። ዐይኔ ይከደናል፣ ይገለጣል። አንዳንዴ ወለሉ ላይ ውሃ የሚያልፍ ይመስለኛል፣ እግሬንም እሰበስባለሁ።

ዘይኑዲን በእንቅልፉ ይናገራል።

«ቀስ በል» ይላል። «ሦስተኛዋ ድንጋይ ትነቃነቃለች።»

ብድግ እላለሁ። የመንደራችን ወንዝ መሻገሪያው ሰባት ድንጋይ ነው፣ ሦስተኛዋ ትነቃነቃለች። ልጆች ሳለን እንግዳ ሰው ሲረግጣት ለማየት ዛፍ ላይ ወጥተን እንጠብቅ ነበር። ይህን ለዘይኑዲን አልነገርኩትም፤ መቼ አውርተን እናውቃለን። የሚነቃነቅ ድንጋይ የሌለው ወንዝ የት አለ፣ እላለሁ ለራሴ። ጎንበስ ብዬ ግን ሌላ ይናገር እንደሆነ አዳምጣለሁ።

የዐስር ሶላት ሲደርስ ስልኩ አዛን ያሰማል፣ እሱም ይነሳል። ፊቱን አሻሽቶ፣ ከሕልሙ ገና ያልወጣሁ ሰው ይመስል ያየኛል። ፍራሹን መገልበጥ እንደረሳሁ ነግሬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሰማያዊዎቹን መስመሮች ይመለከታል። የማያውቀው ወንዝ ዳር ቆሞ እንደነበር ይነግረኛል፤ እሱ ባደገበት በቃሉ ወረዳ እንዲህ ያለ ወንዝ የለም። ማዶ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ይመለከቱት ነበር። ስለ ድንጋይዋ ያስጠነቀቁትም እሳቸው ናቸው። ማተባቸው ላይ ቁልፍ አንጠልጥለዋል።

እናቴ የሳጥኗን ቁልፍ ማተቧ ላይ ነው የምታስረው።

«ሌላስ ምን አሉህ?»

«ልሻገር ስል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ‹እዚያው ሁን ልጄ› አሉኝ። ‹ካለህበት ድምፅህ ይሰማኛል፣ ይበቃኛል።›»

እንባዬ ይመጣል፣ አልደብቀውም። ከወንዙ ወዲህ የማሽላ መጠበቂያ ጎጆ አለችን፣ በዚህ ወራት ባዶዋን ናት። ሁለት ሳምንት እዚያ እቀመጣለሁ። እናቴ ምግቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፣ ከወዲያ ሆና ትጠራኛለች፣ ከወዲህ ሆኜ አቤት እላታለሁ። ይህን ሁሉ ቀን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

የምሄደው እኔ ነኝ፣ እለዋለሁ። አይሆንም ይለኛል። ከበሩ ኋላ ያለውን ፌስታል ያሳየኛል፤ ልብሱን ትናንትና ጠቅልሎ ጨርሷል፣ መጋዘኑ በር ላይ ካርቶን አንጥፎ ሊተኛ። እኔ የምረታበትን ቃል ሳሰናዳ እሱ ጓዙን ሲያሰናዳ ነበር። አፈርኩ። ፌስታሉን አንስቼ ትራሱ አጠገብ አስቀምጥለታለሁ።

እሱ ሲሰግድ እኔ የሸክም ገመዴን ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ፣ አፌን እሸፍናለሁ። ሶላቱን ጨርሶ ይነሳና እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የፍራሹን ጠርዝ ይይዛል።

«ተወው ዘይኑ» እለዋለሁ። «ነገም በዚሁ በኩል ተኛ። እኛ አገር ስልክ አይሰራም፣ ከሕልም በቀር መድረሴን የሚነግርህ የለም።»

ጠርዙን ከፍ እንዳደረገ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ቀስ ብሎ ያወርደዋል፣ ሰማያዊዎቹን መስመሮችም በመዳፉ ያስተካክላል።